ሻምበል አበበ ቢቂላና የአጎቴ ሰዓት

መቼም የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላስብም። እኔም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ ያሸነፈ፣ በቃ! ታዲያ ዘንድሮ የአንድ ታዋቂ ሟች ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል፣ ይሄማ ቀላል ነው ብዬ አበበን መረጥኩ። ያስረከብኩት ወረቀት ግን ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ ስለነበረ፣ ሰውዬው የታለ የሚል አስተያየት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ሰውዬውን መፈለግ የጀመርኩት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ሰዓት ሠሪ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው ብል ማን ያምነኛል? እስቲ ከመነሻው ልጀምር።

አጎቴ (ጋሼ ነው የምለው) ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ልጆች ያሯሩጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ አገር ከመጣ ሰው ላይ አንድ ያገለገለ የስዊስ ሰዓት ገዛ። ክሮኖግራፍ ይባላል። ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን እየሞላ ይሄዳል፤ በጎኑ ያሉት ሁለት ቁልፎች ደግሞ እንደ ስቶፕ ዋች ያስነሱታል፣ ያቆሙታል፣ ወደ 12 ይመልሱታል። ጋሼ ሲገዛ ያየው ቀጭኗ ዘንግ መነሳትና መቆሟን ብቻ ነው። መቼ ተጠርጎ ዘይት እንደተቀባ አልጠየቀም፤ ውስጡ ምን ዓይነት ማሽን እንዳለም አልጠየቀም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታዲያ መለኪያውን ሲያስነሳው ዋናው ሰዓት ወደኋላ መቅረት ጀመረ። በመጨረሻም ዘንጓ 12 ላይ አልመለስ ብላ 7 አካባቢ ቆማ ቀረች። ወስደህ አሳየው ተባልኩ፣ ወሰድኩት።

ሰዓት ሠሪው የኋላ ክዳኑን ሲከፍተው የታየው ተራ አውቶማቲክ ማሽን ነው። መለኪያው የለም! ለካስ ይሄ ባለ ሞጁል የሚባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ነው ነገሩ፦ ሰዓቱ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው እንበል። ምድር ቤቱ ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ራሱን የቻለ ማሽን ነው። መለኪያው ለብቻው ተሠርቶ ከምድር ቤቱ በላይ፣ ቁጥሮቹ ካሉበት ገጽ ስር ይጫናል። ፎቁ የራሱ ሞላ የለውም፣ ጉልበት የሚወስደው ከምድር ቤቱ ነው። ስለዚህ የታችኛው ዘይት ሲደርቅና ሲደክም ላይኛውን መጎተት ያቅተዋል። ሳይከፈት መለየትም ይቻላል፤ መሙያውና ሁለቱ ቁልፎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ መሙያው ዝቅ ብሎ ወደ ክንድ ይጠጋል። ቀኑን የሚያሳየው ቁጥርም ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሰውዬው ምድር ቤቱን ፈታትቶ አጥቦ ዘይት ሊቀባልኝ ተስማማ። ፎቁን ግን አልነካም አለ። እዚያ ላይ ትንሽ ስህተት ከተሠራ መለዋወጫ የለም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ሞጁሉን እንዳለ አውጥተው በአዲስ ይቀይሩታል እንጂ አይጠግኑትም። ሥራው ሌላ ቀን የሚደርስ ቢሆንም ዋጋውን ነግሮኛል፤ ሰዓቱ ከተገዛበት ሲሶ ይሆናል።

ማሽኑን ጆሮዬ ላይ አድርጎ አሰማኝ። በሰከንድ 8 ጊዜ ይመታል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ በቀይ የተሰረዘው ወረቀቴ ትዝ ያለኝ። አበበ ሮም ላይ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነው። ከእሱ በፊት የዓለም ምርጥ የነበረው የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ እ.ኤ.አ በ1958 የሮጠው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ 0.8 ሰከንድ! በጋሼ ሰዓት 6 ምት ቢሆን ነው። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ 6 ምት! እኔ ቁጥሩን ጽፌው ነበር፣ ግን አልሰማሁትም ነበር።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የሚገርመው በዚያችው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ገና የ3 ዓመት ልጅ ነው። አድጎ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ እዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሰልጣኝ ያዘው።

ሮም የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው! እኛ ጋ ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ እዚያም በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ሮጠ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆይተው፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ሙሶሊኒ ከአክሱም አስነቅሎ የወሰደው ሐውልት በቆመበት አካባቢ አበበ ጥሎት ሄደ። በ25.4 ሰከንድ ቀድሞ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ገባ። ሰዓት የሚይዘው ኩባንያ የስዊሱ ኦሜጋ ነበር። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አበበ አላየውም።

ከሮም በኋላ ሕይወቱ ሁሉ ድል በድል ሆነ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ስህተት ነው። ሦስት ወር ቆይቶ በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጀኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ እሱም የዘበኛው አባል ነበርና ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ 5ኛ ወጣ። ቶኪዮ ከመሮጡ 5 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እንዲያም ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ፤ ሮም ላይ ከሮጠው በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የፈጠነ ማለት ነው። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ እስኪመጣ ከ4 ደቂቃ በላይ ነበርና፣ ሜዳው ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ጠበቀ። ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት ላይ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ቆየ። ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ወራት ታከመ፤ እጆቹ ዳኑ፣ እግሮቹ ግን ዳግም አልተራመዱም። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ራሱን የሚሞላው ባለ ሞጁል ክሮኖግራፍ በሆየር፣ በብራይትሊንግና በሌሎች አጋሮቻቸው የተዋወቀው እ.ኤ.አ መጋቢት 3 ቀን 1969 ነው፤ ከአደጋው ሦስት ሳምንት እንኳ አይቀድምም። አጋጣሚ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ ግን ትርጉም ልሰጠው ፈለግሁ።

ሰዓቱን ተቀብዬ ጋሼ ቤት ስሄድ ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። ሰዓቱ ይሄዳል፣ መለኪያው ግን ቆሟል። አበበም በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዲሁ ነበር፤ ጊዜው ይሄዳል፣ የሚለካው ሰው ግን የለም። ጥሩ መዝጊያ አገኘሁ ብዬ ለጋሼ ነገርኩት። ጋሼ ሳቀብኝ። ደህና አድርገህ አላነበብክም አለኝ። እውነቱን ነው። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ቀስት ወረወረ። በማግሥቱ ዓመት ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ በረዶ ላይ በውሻ በሚሳብ ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ ላይ፣ የጃቶ ልጅ! ያም ሰዓት ተይዞለታል፤ ከ1 ሰዓት ከሩብ ጥቂት ያለፈ ነው። እኔ መለኪያው ቆመ ባልኩበት ሰዓት ሰውዬው እየተወዳደረ ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው።

ወረቀቱን እንደገና ጽፌ አስገብቻለሁ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጋሼ ሞጁሉን ለማስቀየር ገንዘብ አላወጣም ብሏል። ልጆቹን ሲያስነሳ የደቂቃዋን ዘንግ ያይና ቁጥሯን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ ሲገቡ ደግሞ ይቀንሳል። ባለፈው ቅዳሜ አንዷን ልጅ በ12 ሰከንድ ሳያሳስትባት አልቀረም፤ እሷ ግን እየተከራከረች ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ሰዓት ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ መቼ ዘይት እንደተቀባ ጠይቁ፣ ቀጥሎ መሙያውንና ቁልፎቹን በጎን እዩ።

ቸር እንሰንብት።