መምህር ፍሪድሪክ ሽፔና የንጹሐን ደም

ፍሪድሪክ ሽፔ በጀርመን አገር፥ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በካይዘርስቬርት ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1591 ዓ.ም. ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በ1610 ዓ.ም. በትሪር ከተማ ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገባ። ይህ ማኅበር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢትዮጵያ ያስነሣው ሁከት በታሪክ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የአንድን ሰው ሥራ በማኅበሩ ስም ብቻ መመዘን አይገባም። ሽፔ ወደ ህንድ ሄዶ ለመስበክ በ1617 ዓ.ም. ቢለምን አለቃው አልፈቀደለትም። በ1622 ዓ.ም. ቅስና ተቀብሎ በፓደርቦርንና በኮሎኝ አስተማረ፤ መዝሙርም ይደርስ ነበረ።

በዚያ ወራት ጀርመን በ1618 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት፥ በቸነፈርና በረኃብ ተጨንቃ ነበረች። አዝመራ በውርጭ ሲጠፋ፥ ከብት ሲሞት፥ ሕፃን ሲታመም ሕዝቡ ጠንቋይ አለ እያለ ይጮኽ ጀመር፤ ሹማምንቱም ጩኸቱን ሰምተው እሳት አነደዱ። በቩርዝቡርግና በባምበርግ ብቻ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናትና ካህናት ይገኙ ነበረ። ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ በ1532 ዓ.ም. ያወጣው የወንጀል ሕግ በቂ ምልክት ሳይገኝ ተከሳሽ በሥቃይ እንዳይመረመር ያዝዝ ነበረ። ነገር ግን ብዙዎች የሕግ ዐዋቂዎች ጥንቈላ ከሌላው ወንጀል የተለየ ነው ብለው ይህን አጥር አፈረሱት።

ሽፔ ሞት የተፈረደባቸውን ሴቶች ኑዛዜ እየተቀበለ እስከ እሳቱ ድረስ ይሸኛቸው ነበረ። በዳኛ ፊት ጥፋተኛ ነኝ ያለችው ሴት በነፍስ አባትዋ ፊት ስትቀርብ ንጹሕ መሆንዋን ትናገራለች፤ ቃልዋን በዳኛው ፊት እንዳትለውጥ ግን ወደ ሥቃዩ ቤት መመለስን ትፈራለች። ከሸኛቸው ሴቶች መካከል በእውነት ጥፋተኛ ሆና ያገኛት አንዲት እንኳ እንዳልነበረች በመሐላ መስክሮአል። ለካህን ከዚህ የከበደ ሸክም ምን ይኖራል?

በ1629 ዓ.ም. በፓይነ አካባቢ ሲያስተምር አንድ ሰው በመንገድ ላይ ጥቃት አድርሶበት በራሱ ላይ ክፉኛ ቈሰለ። ካገገመ በኋላ በፓደርቦርን የግብረ ገብ ትምህርተ መለኮት መምህር ሆነ። በ1631 ዓ.ም. በወንጀል ፍርድ ስለሚገባው ጥንቃቄ በላቲን የተጻፈው መጽሐፉ፥ ካውቲዮ ክሪሚናሊስ፥ በሪንተልን ከተማ ታተመ። ስሙ አልተጻፈበትም፤ አንድ የሮም ቤተ ክርስቲያን ሊቅ የጻፈው ነው ይላል እንጂ። የካቶሊኩ ካህን መጽሐፍ የታተመው በፕሮቴስታንቶች የትምህርት ከተማ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

መጽሐፉ በጥያቄና በመልስ የተዘጋጀ ነው። ሽፔ ጥንቈላ ጨርሶ የለም አላለም፤ የተከራከረው ስለ ፍርዱ አካሄድ ነው። የተከሰሰችው ሴት ኑሮዋ መጥፎ ከሆነ ይህ የጥፋትዋ ምልክት ነው ይባላል፤ መልካም ከሆነም ጠንቋዮች ደግ መስለው ይኖራሉና ያው ምልክት ነው ይባላል። ብትፈራ ኅሊናዋ ከሰሳት፥ ባትፈራ ሰይጣን አደፋፈራት ይባላል። በሥቃይ ብታምን ትቃጠላለች፤ ታግሣ ዝም ብትል ደግሞ ዝም ያሰኛት ሰይጣን ነው ተብላ ሥቃዩ ይደገምባታል። እንዲህ ባለ ሸንጎ ማን ነጻ ይወጣል? ያመነችውም አብረውሽ የነበሩትን ጥሪ እየተባለች ስለምትገደድ ከአንዲት ክስ ብዙ ክስ ይወለዳል። በአንዳንድ ስፍራ መርማሪው በተፈረደበት ሰው ቍጥር ልክ ገንዘብ ይቀበል ነበረ፤ ሽፔም ይህን አጥብቆ ነቀፈ። የነፍስ አባቶችንም የዳኛ አገልጋይ ሆነው እስረኛን እመኑ እያሉ እንዳያስጨንቁ ገሠጸ። መኳንንቱ በሹሞቻቸው ከማመኻኘት ይልቅ ራሳቸው እንዲመረምሩ፥ ለተከሳሽ ጠበቃ እንዲፈቀድ፥ ሥቃይም ፈጽሞ እንዲቀር መከረ። ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ የተነገረውን የወንጌል ምሳሌ ጠቅሶም ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ከመንቀል በደለኛውን መተው እንደሚሻል አስረዳ።

ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ብዙ ሳይቈይ ታወቀ። በ1632 ዓ.ም. መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ማኅበሩን እንዲለቅ ግፊት ቢደረግበትም አልወጣም። ወደ ትሪር ተዛወረ። በ1635 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ሆኖ ቍስለኞችንና በቸነፈር የተያዙ ወታደሮችን ሲያስታምም እርሱም ታመመ፤ ኦገስት 7 ቀን በ44 ዓመቱ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ የማይንጽ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ዮሐን ፊሊፕ ፎን ሾንቦርን በግዛቱ የጠንቋይ ቃጠሎን አስቀረ። የሽፔ ጠጕር ያለ ዕድሜው የሸበተው ወደ እሳት በሸኛቸው ሰዎች ኀዘን መሆኑን ለፈላስፋው ላይብኒጽ የነገረውም እርሱ ነው። በ1701 ዓ.ም. የሕግ ሊቁ ክርስቲያን ቶማሲዩስ በሃለ ዩኒቨርሲቲ በእነዚህ ፍርዶች ላይ ሲነሣ የሽፔን መጽሐፍ መሠረት አደረገ። በ1714 ዓ.ም. የፕሩስያ ንጉሥ በጥንቈላ ክስ የሚሰጥ የሞት ፍርድ ሳይቀርብለት እንዳይፈጸም አዘዘ፤ ልጁ ፍሪድሪክ ሁለተኛም በ1740 ዓ.ም. ከጥቂት ወንጀሎች በቀር በሥቃይ መመርመርን ከለከለ። የሽፔ መቃብር ግን ተረስቶ ኖሮ በ1980 ዓ.ም. በትሪር በኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ሥር ተገኘ።