ስሙ ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈው ጠማቂ

ቢራ ቤት ገብታችሁ ቢራ ብታዙ፣ የሚመጣላችሁ ነገር ምን እንደሚመስል ሳታዩት ታውቁታላችሁ። ወርቃማ ነው። ከብርጭቆው ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ላዩ ላይ ነጭ አረፋ ደፍቷል። ስትጠጡት ይቀዘቅዛል፤ ከዋጣችሁት በኋላ ምላስ ላይ መረር ይላል።

ቢራ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ በአውሮፓ አብዛኛው ቢራ ጠቆር ያለ፣ ቡናማ ወይም ድፍርስ ነበር። ያንን መልክና ጣዕም የለወጠው ቢራ በአንዲት ከተማ፣ በአንድ የመከር ወቅት፣ በአንድ የ29 ዓመት ወጣት እጅ ነው የተጠመቀው። ወጣቱ ዮዜፍ ግሮል ይባላል። ቢራው ዓለምን ዞረ። እሱ ግን በሦስተኛው ዓመት ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጠማቂ ልጅ

ግሮል የተወለደው ኦገስት 21 ቀን 1813 በዛሬዋ ጀርመን፣ በባቫሪያ፣ ፊልስሆፈን በምትባል የዳኑብ ወንዝ ዳር ከተማ ነው። አባቱ የራሳቸው ቢራ መጥመቂያ ነበራቸው። ልጁ የብቅል ሽታ እየሸተተው፣ በርሜል ሲንከባለል እያየ አደገ።

ባቫሪያ ደግሞ ለጠማቂ ልጅ ትክክለኛዋ አገር ናት። በ1516 የወጣው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከውኃና ከሆፕ ውጪ ሌላ ነገር እንዳይገባበት ከለከለ። እርሾ በሕጉ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ያኔ እርሾ ምን እንደሆነ ገና አይታወቅም ነበርና። በ1553 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፤ ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ድረስ መጥመቅ ተከለከለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በበጋ ሙቀት የተጠመቀ ቢራ ቶሎ ይበላሻል።

ይህ ክልከላ ማንም ያላሰበውን ነገር አመጣ። ጠማቂዎቹ በብርድ ወራት ብቻ ሲጠምቁ፣ በብርድ መሥራት የሚችል እርሾ እየበረታ ሄደ። ይህ እርሾ ሥራውን ሲጨርስ ከመጥመቂያው ሥር ይዘቅጣል። በዝግታ ነው የሚሠራው። ቢራው ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። ላገር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ በጀርመንኛ ማከማቸት፣ ማስቀመጥ እንደማለት ነው። ተቀምጦ ሲከርም ይጠራል፤ ሻካራው ጣዕም ይለሰልሳል።

ግሮል የወረሰው ይህንን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው። ጠባዩ ግን ትዕግሥተኛ አልነበረም። ሻካራ፣ ለማንም የማይመለስ ሰው እንደነበር ይነገራል። አባቱ ራሳቸው በባቫሪያ ምድር ከሱ የባሰ ባለጌ የለም ብለው ያማርሩ ነበር ይባላል። ሙያውን ግን ማንም አልካደውም።

የተደፋው ቢራ

አሁን ድንበሩን ተሻግረን ወደ ቦሔሚያ እንሂድ፤ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ማለት ነው። ፒልዘን የምትባለው ከተማ ስትመሠረት፣ በ1295፣ ከንጉሡ ቢራ የመጥመቅ መብት አግኝታለች። መብቱ የተሰጠው ለ260 ነዋሪዎች ነበር። ስለዚህ በፒልዘን ቢራ መጥመቅ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ክብር ነው።

ክብሩ ነበር፤ ቢራው ግን ወረደ። በ1838 ነገሩ ከልክ አለፈ። 36 በርሜል ቢራ ለጤና አይሆንም ተብሎ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት፣ ሕዝብ እያየ፣ መሬት ላይ ተደፋ። ለአንድ የጠማቂዎች ከተማ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ከጎረቤት ባቫሪያ የሚመጣው ላገር ደግሞ ገበያውን እየወሰደባቸው ነበር።

የመጥመቅ መብት ያላቸው ነዋሪዎች ተሰበሰቡ። በተናጠል መጥመቁን ትተው አንድ የጋራ ትልቅ ፋብሪካ ለመሥራት ወሰኑ። ሥራውን ማርቲን ሽቴልዘር ለሚባል የግንባታ ባለሙያ ሰጡት። ሽቴልዘር ባቫሪያ ድረስ ሄዶ የመጥመቂያ ቤቶችን አየ። ላገር ለመሥራት ግን ሕንፃው ብቻ አይበቃም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ግሮል ሆነ። በ1842 በኮንትራት ተቀጥሮ ወደ ፒልዘን መጣ።

አራቱ ነገሮች

ግሮል ፒልዘን ሲደርስ ፊቱ አራት ነገሮች ነበሩ። እያንዳንዱ ለየብቻው አዲስ አይደለም። አንድ ላይ ተገናኝተው ግን አያውቁም።

አንደኛው ብቅሉ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቦታ ብቅል የሚደርቀው በቀጥታ እሳት ላይ ስለነበር ይጠቁራል፤ ጭስም ይይዛል። እንግሊዞች ግን በሙቅ አየር ቀስ አድርገው እያደረቁ ነጣ ያለ ብቅል ማውጣት ችለው ነበር። በ1833 ሁለት ወጣት ጠማቂዎች፣ የሙኒኩ ጋብርኤል ዜድልማየርና የቪየናው አንቶን ድሬኸር፣ ይህንን ዕውቀት ፍለጋ ብሪታንያን ዞረዋል። ውስጡ ባዶ በሆነ ከዘራ የቢራ ናሙና በድብቅ እየቀዱ ይወጡ ነበር ተብሎ ይተረካል። በፒልዘን አዲሱ ፋብሪካም ብቅሉን በእንግሊዞች ዘዴ ማድረቅ ተቻለ።

ሁለተኛው እርሾው ነው፤ ከባቫሪያ የመጣው፣ ብርድ የሚወደው።

ሦስተኛው ውኃው ነው። የፒልዘን ውኃ በጣም ለስላሳ ነው፤ የተሟሟ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። የሙኒክ ውኃ ግን ካርቦኔት ይበዛዋል። በእንዲህ ያለ ውኃ ነጭ ብቅልና ብዙ ሆፕ ስትጨምሩበት ምሬቱ ይሻክራል፤ ጉሮሮ ይይዛል። ሙኒክ በጥቁር ቢራዋ የታወቀችው በከፊል በውኃዋ ምክንያት ነው። በፒልዘን ውኃ ግን ሆፑን ብታበዙትም ምሬቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

አራተኛው ራሱ ሆፑ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል።

ሆፕ ማለት

ሆፕ ለቢራ የሚሠራው ሥራ ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል። በዘር አይገናኙም። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉንና እንጨቱን ነው የምንጠቀመው። ሆፕ ግን ገመድ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ የሚፈለገውም የእንስቷ ተክል አረንጓዴ አበባ ነው። አበባውን ስትፈለቅቁት ውስጡ ቢጫ ዱቄት አለ። ምሬቱም መዓዛውም ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ጠማቂው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ምሬቱ የሚወጣው ሆፑ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ ነው። መዓዛው ደግሞ ሲፈላ ይተናል። ስለዚህ ለምሬቱ ቀደም ብሎ፣ ለመዓዛው ዘግይቶ ይጨመራል። ልክ ወጥ ላይ በርበሬውን መጀመሪያ አቁላልታችሁ፣ መከለሻውን ሊወጣ ሲል እንደምትነሰንሱት ማለት ነው።

ከፒልዘን ብዙም ሳይርቅ ዣቴትስ የምትባል ከተማ አለች፤ ጀርመኖች ሳዝ ይሏታል። የሷ ሆፕ ምሬቱ ዝቅ ያለ፣ መዓዛው የላቀ ነው፤ የዱር አበባና የቅመም ሽታ አለው። ዛሬ ጠማቂዎች ክቡር ከሚሏቸው አራት የሆፕ ዓይነቶች አንዱ እሱ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ፣ ሃለርታው፣ ሽፓልትና ቴትናንግ፣ የጀርመን ናቸው።

ኦክቶበር 5 ቀን 1842

በዚህ ቀን ግሮል የመጀመሪያውን ጥንስስ ጠመቀ። የባቫሪያን ልማድ ተከትሎ ከብቅሉ ድብልቅ የተወሰነውን እየቀነሰ፣ ለብቻው እያፈላ፣ መልሶ እየቀላቀለ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። የሳዝን ሆፕ ሳይሰስት ጨመረበት። ቢራው ከፋብሪካው ሥር በተፈለፈለ ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ኖቬምበር 11፣ በቅዱስ ማርቲን ቀን፣ ለከተማው ሕዝብ ተቀዳ። ሰዎቹ የጠበቁት ጥሩ የባቫሪያ ቢራ ነው፤ ማለትም ጠቆር ያለ። የቀረበላቸው ግን ወርቅ የመሰለ፣ ጥርት ያለ፣ ነጭ አረፋ የደፋ ነገር ነው። ቀመሱት። ከፊቱ የብቅል ጣፋጭነት አለ፤ ከኋላው የሆፕ ምሬት ይመጣና አፍን ጠርጎ ይሄዳል። ሌላ ጉንጭ ያስመኛል።

ወሬው ቶሎ ተዛመተ። በ1843 በፕራግ ያዕቆብ ፒንካስ የሚባል አንድ ልብስ ሰፊ ይህን ቢራ አስመጥቶ ቀመሰ፤ መርፌውን አስቀምጦ መጠጥ ቤት ከፈተ። ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ባቡር ፒልዘን ሲገባ ደግሞ ቢራው አውሮፓን ማዳረስ ጀመረ። የቦሔሚያ ብርጭቆም ረዳው፤ ድሮ በሸክላና በቆርቆሮ ዋንጫ የማይታየው ቀለም አሁን ዓይን ይስባል።

ኮንትራቱ አለቀ

ግሮልስ? ኤፕሪል 30 ቀን 1845 ኮንትራቱ አለቀ። አልታደሰም።

ችግሩ የባቫሪያ ሰው መሆኑ አልነበረም፤ ከሱ በኋላም ፋብሪካው ለረዥም ጊዜ የባቫሪያ ጠማቂዎችን ነው የቀጠረው። ብዙዎች ጠባዩን ያነሳሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ግሮል ዕቃውን ሸክፎ ፊልስሆፈን ገባ። የአባቱን መጥመቂያ ወረሰ፤ ቀሪ ዕድሜውንም እዚያው ኖረ።

ቢራው በከተማዋ ስም ተጠራ፤ ፒልስነር፣ የፒልዘን ማለት ነው። በ1859 ስሙ ተመዘገበ። ያኔ ግሮል በሕይወት አለ፤ ስሙ ግን የትም አልገባም። እንደ ዛሬ ዘመን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ፎቶ አንስቶ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው ብሎ ይለጥፈው ነበር። በዚያ ዘመን ግን ቅጥር ጠማቂ ደሞዙን ይቀበላል፤ ሥራው የባለቤቶቹ ነው። ዛሬም በኮንትራት የሚሠራ ወጣት ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

በገዛ አገሩ ጀርመንም ሌሎች ተከተሉት። በ1872 በሳክሶኒ፣ ራደበርግ ላይ፣ በፒልዘን ዓይነት የሚጠምቅ ፋብሪካ ተከፈተ። ሙኒክ በጥቁር ቢራዋ ኮርታ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ በ1894 የዜድልማየር ቤተሰብ ፋብሪካ፣ ሽፓተን፣ ሄለስ የሚባለውን ነጣ ያለ ላገር አወጣ። ሄለስ የሙኒክ መልስ ነው፤ የትኩስ ዳቦ ጣዕም ያለው ብቅል ከፊት ይቆማል፣ ሆፑ ከኋላ ሆኖ ያግዘዋል። የሰሜን ጀርመን ፒልስ ደግሞ ይበልጥ ደረቅ፣ ይበልጥ መራራ ነው። የቦሔሚያው ከሁለቱም ወፈር ይላል፤ ምሬቱ ብዙ ቢሆንም ክብ ነው፣ አይወጋም።

እንዴት ይቀመሳል?

እኛም አገር በየፋብሪካው የሚጠመቀው ወርቃማ ቢራ በአብዛኛው የዚሁ የላገር ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ዕድሜው የደረሰና የሚጠጣ ሰው የግሮልን ሥራ ለመረዳት ጀርመን መሄድ አይጠበቅበትም።

ከጠርሙስ አትጠጡ፤ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ቅዱት። አረፋውን አትፍሩት፤ የሆፑ መዓዛ የሚወጣው ከሱ ነው። በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዙት፤ ምላስ ከደነዘዘ ምን ይቀምሳል? ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃል። መጀመሪያ አሽትቱ፤ ዳቦ ነው የሚሸተው ወይስ ሣርና አበባ? ከዚያ ጎንጨት በሉ፤ ዋጡና ትንሽ ጠብቁ። ምሬቱ መጥቶ ቶሎ ከጠፋ ጥሩ ሆፕ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ አንድ ነገር ጎድሏል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ፀሐይ የሆፕ ጠላት ናት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ቢቆይ፣ ብርሃኑ የሆፑን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብረውና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማው ጠርሙስ የተመረጠው ለዚህ ነው። ከሱቅ ደጅ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ቢራ ስታዩ ይህንን አስታውሱ።

የመጨረሻው ወንበር

ዮዜፍ ግሮል ያረፈው በ1887፣ በ74 ዓመቱ ነው። የሞተው አልጋ ላይ አይደለም። በተወለደባት ፊልስሆፈን፣ ዘወትር በሚሄድበት መጠጥ ቤት፣ ከወዳጆቹ ጋር በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ የፒልዘኑ ፋብሪካ አስመሳዮች ሲበዙበት በቢራው ስም ላይ ኡርኬል የሚል ቃል ጨመረ፤ የመጀመሪያው ምንጭ እንደማለት ነው።

ምንጩ ግን አንድ ከተማ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ የብቅል ዘዴ፣ የባቫሪያ እርሾ፣ የፒልዘን ውኃና የሳዝ ሆፕ ናቸው፤ እነዚህን ያገናኘው ደግሞ የአንድ ጠባየ ሻካራ ጠማቂ እጅ ነው። ጠባዩን ያስታወሱት ሰዎች ኮንትራቱን አላደሱለትም። እጁ የሠራውን ግን ይኸው ዓለም እስከ ዛሬ እየቀዳ ይጠጣዋል።

ቸር እንሰንብት።