ጉሬዛንና ጭላዳን በሀገር ስማቸው ለዓለም ያስመዘገቡት ኤድዋርድ ሩፔል

በቀጨኔና በእንጦጦ ግርጌ በሚገኙ ሌሎች የጉለሌ ሰፈሮች ከሚታዩት አዕዋፍ መካከል ምንቃሩ ወፍራም፣ ከአናቱ ጀርባ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ አንዱ ነው። ነዋሪው ከዕለት ኑሮው ጋር ያስለመደው ይህ የደጋ ወፍ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1836 ሲሆን፣ ስሙን የሰጡት ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ናቸው። ተመራማሪው ግን የሚታወሱት ከቁራው ይልቅ በሁለት የኢትዮጵያ ጦጣና ዝንጀሮዎች ማለትም በጉሬዛና በጭላዳ ነው።

ሩፔል እ.ኤ.አ በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ለንግድ ሥራ የታጩ ቢሆኑም እ.ኤ.አ በ1817 ወደ ሲና በረሃ ያደረጉት ጉዞ ሃሳባቸውን አስቀየራቸው። ወደ ጣሊያን ሄደው የእንስሳትና የዕፅዋት ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ በ1820ዎቹ ዓመታት በኑቢያና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ሰፊ ጥናት አካሄዱ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ በ1831 በምጽዋ በኩል ነበር። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት በመሆኑ መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም፤ ስሜንን የሚገዙትም ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ነበሩ። ተመራማሪው የስሜንን ተራሮች አቋርጠው ጎንደር የገቡ ሲሆን በከተማዋ ወራት ተቀምጠው የእንስሳት ናሙና ከመሰብሰብ ባሻገር የብራና መጻሕፍትንም አሰባስበዋል።

ጉሬዛ የሚለው ቃል ለአውሮፓ ምሁራን እንግዳ አልነበረም። ከአባ ጎርጎርዮስ ስለ ኢትዮጵያ የተማረው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ በ1681 ባሳተመው መጽሐፉ አንስቶታል። የእንስሳው ትክክለኛ ማንነት ግን ለረጅም ጊዜ ሳይጣራ ቆይቷል። ሩፔል ጉሬዛን በሕይወት አይተው፣ በረጃጅም ዛፎች ላይ በትንንሽ ቤተሰብ ተከፋፍሎ የሚኖርና የገበሬውን ሰብል የማይነካ መሆኑን መዘገቡ። በአንጻሩ ጭላዳ በገደላማ ስፍራ በብዛት ተሰባስቦ መሬት ላይ የሚውልና አዝመራ የሚያጠፋ እንደሆነ ገለጹ። ሁለቱም እ.ኤ.አ በ1835 በሳይንስ መዝገብ ሲሰፍሩ የተሰጣቸው መለያ ከሕዝቡ አፍ የተወሰደው ስማቸው ነው። ዋልያም በዚያው ዓመት በሀገር ስሙ ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ በ1840 የተመዘገበው ቀይ ቀበሮ ደግሞ በስሜን ተሰይሟል።

አብሯቸው ለተጓዘው ጀርመናዊ ረዳታቸው ለቴዎዶር ኤርከል መታሰቢያ አንድ የቆቅ ዝርያ በስሙ ሰይመውለታል። መንገድ የመሩት፣ እንስሳቱ የሚውሉበትንና የሚያድሩበትን ያሳዩት የሀገሩ ሰዎች ግን ይህን ዕድል አላገኙም። የቀረላቸው ቃላቸው ነው።

በወቅቱ የነበረው ሳይንስ በቆዳና በአጥንት ላይ ያተኮረ ስለነበር የእንስሳቱ ማኅበራዊ ኑሮ በጥልቀት የተጠናው ከመቶ ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በስሜን ተራሮች የተካሄዱ ጥናቶች ጭላዳ አንድ አውራና በርካታ እንስቶችን ባቀፉ ቤተሰቦች እንደሚኖር፣ ቤተሰቦቹም ተደምረው ትልቅ መንጋ እንደሚሆኑ አረጋግጠዋል። ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው። ከቅሪተ አካል እንደታወቀው በአንድ ወቅት ዘመዶቹ በአፍሪካ በስፋት ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ወገን የቀረው የኢትዮጵያ ደጋዎች ጭላዳ ብቻ ነው።

ሩፔል የሰበሰቡትን ናሙና በትውልድ ከተማቸው ለሚገኘው ለዘንከንበርግ ሙዚየም፣ የብራና መጻሕፍቱን ደግሞ ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አስረክበዋል። እ.ኤ.አ በ1839 ከእንግሊዝ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ስለዚህም አንድ የእንስሳት ባለሙያ ጉሬዛ ወይም ጭላዳ መጀመሪያ የተገለጸበትን ናሙና ለማመሳከር የሚሄደው ወደ ፍራንክፈርት ነው።

ተመራማሪው እ.ኤ.አ ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በ90 ዓመታቸው በተወለዱባት ከተማ አረፉ። ቁራው በሚታይበት በእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።