የፀሐይን ነፋስ አስቀድመው ያሰቡት ሊቅ

እ.ኤ.አ. በ1867 በዛሬዪቱ ኦስሎ የተወለዱት የኖርዌይ ሊቅ ፕሮፌሰር ክርስቲያን ቢርኬላንድ፥ በሰሜን ሰማይ ሌሊት የሚንቦገቦገውን ብርሃን ምንጭ ለማወቅ በ1899 የብርዱን ወራት በተራራ ራስ ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። በኋላም አየሩ በወጣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ መግነጢስ ያለባት ትንሽ ሉል አኑረው የኤሌክትሪክ ጨረር ቢለቁባት፥ በዋልታዎቿ ዙሪያ ተመሳሳይ ብርሃን በራ። ከዚህም ተነሥተው ፀሐይ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ረቂቅ ቅንጣቶችን እንደምትረጭ አስተማሩ፤ ይህም ዛሬ የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ነው። ለምርምሩ ገንዘብ ቢቸግራቸው፥ ከኢንጂነር ሳም አይዴ ጋር በ1903 ከአየር ማዳበሪያ የሚወጣበትን ዘዴ ፈለሰፉ። ዳሩ ግን ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ሐሳባቸውን ሳይቀበሉላቸው በ1917 በቶኪዮ ሞቱ። በ1960ዎቹ ሳተላይቶች ነፋሱንም፥ በዋልታዎች ሰማይ የሚፈሰውንም ኤሌክትሪክ ለክተው መሰከሩላቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፥ ወጣት ተመራማሪ ሰሚ ቢያጣ ሥራውን አይተው።