ሩዶልፍ ካራቾላ፦ በዝናብ የገነነው አሽከርካሪ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት በአውሮፓ የመኪና እሽቅድምድም ስማቸው ከገነነ አሽከርካሪዎች አንዱ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ካራቾላ ነው። የአገሩ ሰዎች የዝናብ ሊቅ የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። ይህን ስም ያገኘው ብዙዎች የሚፈሩትን እርጥብ መንገድ በትዕግሥትና በእርጋታ መንዳት በመቻሉ ነው።

ካራቾላ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1901 በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ሬማገን ከተማ፣ ሆቴል ከሚያስተዳድሩ ወላጆች ተወለደ። በአኸን ከተማ በፋፍኒር መኪና ፋብሪካ ሙያ ከተማረ በኋላ ወደ ድሬስደን ሄዶ የመርሴዲስ መኪና ሻጭ ሆነ። ከሥራው ጎን ለጎንም በውድድሮች ይሳተፍ ነበር።

ዕድሉ የተከፈተለት ጁላይ 11 ቀን 1926 ነው። የመጀመሪያው የጀርመን ግራንድ ፕሪ በበርሊኑ አቩስ ጎዳና ሲካሄድ ኩባንያው ትኩረቱን በስፔን በሚደረግ ውድድር ላይ አድርጎ ስለነበር፣ ወጣቱ ሻጭ መኪና እንዲሰጠው ጠይቆ በግል ተወዳዳሪነት ቀረበ። ውድድሩ ሲጀመር ሞተሩ ጠፋበት። አብሮት የተቀመጠው መካኒክ ወርዶ ገፍቶ እስኪያስነሳው ድረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ባከነ። ከዚያም ዝናብ ወረደ፤ ሲርስ እጅግ በሚያንሸራትተው ጎዳና ላይም አደጋ ተከተለ። ከርሱ ጋር በመርሴዲስ የተሰለፈው አዶልፍ ሮዘንበርገር መኪናው ከቁጥጥሩ ወጥቶ የሰዓት መዝጋቢዎችን ዳስ መታ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ካራቾላ ስንተኛ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ በዝናብና በጭጋግ ውስጥ መንዳቱን ቀጠለ። ሲጨርስ አሸናፊው እሱ ሆኖ ተገኘ። በተሸለመው 17,000 ማርክ በበርሊን የመኪና መሸጫ ከፈተ።

ዝናብ የእሽቅድምድምን ሚዛን ይለውጣል። በደረቅ መንገድ ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፤ መንገዱ ሲርስ ግን በሁለቱ መካከል ቀጭን የውሃ ሽፋን ይገባል። ፍጥነቱ ሲጨምር ጎማው ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ይሳነውና ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዙም። የሞተር ጉልበትም ቢሆን ጎማውን በከንቱ ከማሽከርከር በቀር ፋይዳው ይቀንሳል። በዚያ ዘመን የውድድር መኪኖች ጣሪያ ስላልነበራቸው ከፊት ካለው መኪና የሚረጨው ውሃ የአሽከርካሪውን መነጽር ይሸፍን ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የሚያሸንፈው መሪውን በድንገት የማይጠመዝዝ፣ ፍሬኑን ቀድሞና በለዘብታ የሚይዝ ሰው ነው። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚደረጉ ውድድሮች አሽከርካሪን በዚሁ መንገድ የሚፈትኑት ከዝናብ ይልቅ ከባድ ሙቀትና ነፋስ ከበረሃ የሚያመጣው አሸዋ ናቸው።

ካራቾላ እ.ኤ.አ. በ1929 በሰሜን አየርላንድ የተካሄደውን የቱሪስት ትሮፊ ውድድር በዝናብ አሸነፈ። በ1931 በኑርበርግሪንግ ዝናብ በወረደበት የጀርመን ግራንድ ፕሪ፣ ከባዱን መርሴዲስ እየነዳ ቀላሎቹን የቡጋቲ መኪኖች ቀደመ። በዚያው ዓመት ሚሌ ሚልያ የተባለውን ረጅም የጣሊያን ውድድር በማሸነፍ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ መከራ ተደራረበበት። በ1933 በሞናኮ ልምምድ ላይ ሳለ ፍሬኑ ከድቶት ከግንብ ጋር ተጋጨና የቀኝ ጭኑ አጥንት ተሰባበረ። እግሩ ሲድን ከሌላኛው አጥሮ ቀረ፤ ሕመሙም ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። ገና እያገገመ ሳለ በፌብሩዋሪ 1934 ባለቤቱ ሻርሎተ በስዊዘርላንድ ተራሮች በበረዶ ናዳ ሞተች። ካራቾላ ለጥቂት ጊዜ ከሰው ተለይቶ ከቆየ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ ውድድር ተመለሰ። በ1935፣ በ1937 እና በ1938 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያን ጊዜ መርሴዲስና ተቀናቃኙ አውቶ ዩኒየን የናዚ መንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ሲሆን፣ መንግሥቱም ድላቸውን ለፕሮፓጋንዳ ይጠቀምበት ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1938 ሁለቱ ኩባንያዎች ለፍጥነት ክብረ ወሰን በፍራንክፈርትና በዳርምሽታት መካከል ባለው አውራ ጎዳና ተገናኙ። ካራቾላ በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ተነሥቶ በሰዓት 432.7 ኪሎ ሜትር ነዳ። የአውቶ ዩኒየኑ በርንት ሮዘማየር ክብረ ወሰኑን ሊያስመልስ የተነሣው ግን አየሩ ከተለወጠ በኋላ ነበር። ደኑ በተቋረጠበት ስፍራ ከጎን የመጣ ነፋስ መኪናውን ከመስመር እንዳወጣው ይታመናል፤ ሮዘማየርም በ28 ዓመቱ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ሁለቱ አሽከርካሪዎች የነዱት በአንድ መንገድና በአንድ ቀን ነበር፤ በመካከላቸው ግን ጥቂት ሰዓታትና ነፋስ ነበሩ።

ካራቾላ በ1939 በዝናብ የጀርመን ግራንድ ፕሪን ለስድስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ውድድሩን አቋረጠው። በ1946 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በልምምድ ላይ በደረሰበት አደጋ ለቀናት ራሱን ስቶ ቆየ። በ1952 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የኋላ ጎማው በፍሬን ተይዞበት ከዛፍ ጋር ተጋጨና ግራ እግሩ ተሰበረ፤ የውድድር ሕይወቱም በዚያ አበቃ። እንደ ሞናኮው ሁሉ ለዚህም አደጋ ምክንያቱ ዝናብ ሳይሆን ፍሬን ነበር።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1959 በጀርመን ካሰል ከተማ በጉበት ሕመም በ58 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረውም በሚኖርባት የስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ነው። በዚያ ማለዳ በሕዝብ መንገድ ላይ ያስመዘገበው ፍጥነት እስከ 2017 ድረስ ሳይሰበር ቆይቷል።