የስልሳ ሦስት ዓመቱ ለማጅ

በሐሙሲት በገበያ ቀን አዲስ መኪና ነጂ ከሩቅ ይታወቃል። መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይይዛል፤ ፍየሏ ገና መንገድ ዳር ቆማ ሳለች ጥሩምባውን ይነፋል፤ ተነሥቼ ልሂድ ሲል ደግሞ ሞተሩ ይጠፋበታል። ሩዝ የጫነው አይሱዙ ከኋላው ይጮኽበታል፤ ልጆቹም ይስቁበታል። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን በዚህች አገር መጀመሪያ የመኪና መሪ ጨበጡ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ ማን እንደ ሆኑ ከተረዳሁ ወዲህ ሳቄን ቀንሻለሁ። ለማጁ ዳግማዊ ምኒልክ ነበሩና።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ ዐጤ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የዐሥራ አንድ ዓመቱንም አልጋ ወራሽ ማርከው ወሰዱ። ልጁ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ የተመለሱት በሰኔ 1857 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዐሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያሳደጓቸው ቴዎድሮስ ናቸው ማለት ነው፤ ይህም ነገር ለታሪካችን ሳያገለግል አይቀርም። ከፎገራ ሜዳ፥ ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን የወጣ መንገደኛ ደብረ ታቦር ሲደርስ ጋፋትን ያገኛል። ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ የነበረው እዚያ ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልንም በጋሪ አስጭነው፥ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፥ ገደሉን እያስፈለጡ በስድስት ወር ግድም መቅደላ አደረሱት። በዚያ ጊዜ ምኒልክ ካመለጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ለመሣሪያና ለጥበብ የነበራቸውን ጉጉት ሳስብ፥ ከአሳዳጊያቸው ቤት ይዘውት የወጡ ይመስለኛል። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ቴዎድሮስ ባለሙያውን አስገድደው አሠሩት፤ ምኒልክ ደመወዝ ቈርጠው፥ አባብለውና ሸልመው አሠሩት።

የሸዋ ንጉሥነታቸውን፥ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን ሁሉ አንባቢ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋልና አልደግመውም። እኔ የምፈልገው ከጦርነቱ ውጭ ያሉትን ምኒልክ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋ እንዳዘዙት ይተርካሉ። በኋላ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውሃ በቧንቧ ወደ ግቢ አስገባ፤ ስልክ ገባ፤ ባንክ ተከፈተ። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱም ሐሜት ሳይከተለው አልገባም። የስልኩን ድምፅ የሰይጣን ድምፅ ነው ያሉ ካህናት እንደ ነበሩ ይነገራል። ምኒልክም ክርክር አልወደዱም፤ ዕቃውን ራሳቸው ሰው ፊት ይነኩታል፥ ይሞክሩታል፤ ንጉሡ ነክተውት ካልሞቱ ሌላውም አይሞትም። ይህ ዘዴ ከብዙ ዐዋጅ ይበልጥ የሠራ ይመስለኛል።

አውቶሞቢል የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በተሾሙበት ዓመት መሆኑ ነው። ያመጣው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በስሙ የመኪና ፋብሪካ የተጠራለት ቤንትሌይ ግን ሌላ ሰው ነው። መኪናው ዎልስሊ ይባል ነበር። ያን ጊዜ የጅቡቲ ባቡር ከድሬዳዋ አላለፈም፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና። ስለዚህ መኪናው በበረሃው አሸዋና በተራራው ድንጋይ ውስጥ መንገድ እየተጠረገለት፥ በሄደበት እየሄደ፥ እንቢ ባለበት ሰው እየገፋውና እየጎተተው ወራት ፈጅቶ ገባ። በፈረስ ፋንታ የሚሄድ ዕቃ በሰው ትከሻ ተደግፎ መምጣቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የሰርኪስ ባቡር የተባለው መንገድ መዳመጫ የመጣውም እንደዚሁ በሰው ጉልበት ነው። ብዙም ሳይቈይ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ናከ የተባለውን ሁለተኛ መኪና አስገባ። ምኒልክ ሁለቱን ተቀበሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነበር። በዚህ ዕድሜ ሌላው ሰው በቅሎ እንኳ ሲቀመጥ ደጋፊ ይሻል። እሳቸው ግን ተሳፍረው ብቻ አልቀሩም፤ መንዳቱንም ለመዱ ይባላል። ለዛሬ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል። የዚያን ዘመን መኪና ግን እንደ ዛሬው ቁልፍ አዙረው የሚያስነሡት አልነበረም። አንድ ጉልበተኛ ከፊቱ ቆሞ ማኖቬላውን ያዞራል፤ ሞተሩ በድንገት ወደ ኋላ ከመለሰ የክንድ አጥንት ይሰብራል። ማርሹ ያለ ጩኸት አይገባም፤ መሪው ከባድ ነው፤ ፍሬኑ እንደ ዛሬው የሚታመን አይደለም። ከመቀመጫው በላይ ነጂውን ከፀሐይና ከአቧራ የሚከልል የረባ ነገር የለም። ለማጅ ሲሳሳት ሁሉ ያየዋል። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ በአብዛኛው የበቅሎና የአህያ መንገድ ነበር፤ ለጎማ የሚሆን ተብሎ የሚጠቀሰው ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው ጥርጊያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ አይደለም። በኢትዮጵያ ንጉሥ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የሚያውቅ ሆኖ ይታያል። በቅሎ ሲቀመጥ መጋረጃ ይዘረጋል፥ ጥላ ይያዛል፥ አጃቢ ይከባል። ለማጅ መሆን ግን አላውቅም ማለት ነው፤ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ቀስ በል፥ አሁን እርገጥ፥ አሁን ልቀቅ ሲልህ መታዘዝ ነው። የዐድዋ ድል አድራጊ ከአንድ የውጭ አገር መካኒክ ጎን ተቀምጠው ተማሪ ለመሆን አላፈሩም። እኛ ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ መምህሩ ጠይቆን አላውቅም ለማለት ስንት ጊዜ ምላሳችን እንደሚተሳሰር እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

ነገር ግን ምኒልክን ማሞገስ ብቻ አልፈልግም። መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ መጣ። ነዳጁም መለዋወጫውም በባሕር ማዶ ነው፤ ቢበላሽ የሚፈታውም ፈረንጅ ነው። ቴዎድሮስ ቢያንስ ለሴባስቶፖል መንገዱን አስቀድመው ቈርጠዋል። ሁለት መኪና በግቢ ማቆም አገሩን ባለ መኪና አያደርገውም። ምኒልክ ይህን ያዩት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት ሆልትስ ወደ አገሩ ሲመለስ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አብረውት ሄደው የመኪናን ነገር እንዲማሩ ላኩ። ከእነሱ አንዱ የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ ነበሩ፤ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት፥ የእግር ኳሱ ሰው የይድነቃቸው ተሰማ አባት። ተሰማ በጀርመን ሳሉ ሞተር ብቻ አልፈቱም፤ በድምፃቸው ዘፈን በሸክላ ቀረጹ። የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ከመኪናው ይልቅ በዘፈኑና በቅኔው መሆኑ፥ ሰው የእጅ ሙያን ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ያሳያል። ንጉሡ የላኳቸው ግን ለመኪናው ነበር።

ምኒልክ ከዚያ በፊትም ጤና አልነበራቸውም። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባድ የአንጎል ደዌ መታቸው፤ አካላቸው ሰለለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። መኪናው ከገባ ሁለት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። እቴጌ ጣይቱ ከአልጋው አጠገብ ሆነው መንግሥቱን ለመያዝ ሞከሩ፤ መኳንንቱም በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሁ እንደ ተኙ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ቈዩ።

ተሰማ እሸቴ ከጀርመን የተመለሱት በ1902 ዓ.ም. ነው። ማርሽ ማስገባት፥ ሞተር መፍታትና መግጠም ተምረው መጡ። የላኳቸው ለማጅ ግን አልጋ ላይ ነበሩ።