ሰር ቻርልስ ፓርሰንስ፦ የመርከብ ፕሮፔለርን አረፋ የመረመሩ መሐንዲስ

ሰር ቻርልስ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው በአየርላንድ በዘመኑ ከሁሉም የገዘፈውን ቴሌስኮፕ ያሠሩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው በካምብሪጅ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ ፋብሪካ ገብተው የእጅ ሙያ ተማሩ።

ፓርሰንስ በ1884 ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የእንፋሎት ተርባይን ሠርተው የፈጠራ መብት (ፓተንት) አስመዘገቡ። መብቱ ግን በሽርክና ይሠሩበት በነበረው ድርጅት እጅ ነበር። ስለሆነም በ1889 ተለይተው የራሳቸውን ፋብሪካ ሲያቋቁሙ በገዛ ፈጠራቸው መጠቀም አልቻሉም። መብቱን መልሰው እስኪያገኙ ድረስ ለዓመታት በሌላ ዓይነት ተርባይን ሲደክሙ ቆዩ።

በ1894 ተርባይናቸውን ተርቢኒያ በተባለች፣ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት መርከብ ላይ ሞከሩት። መርከቢቱ ግን የታሰበላትን ፍጥነት አላገኘችም። ጉድለቱ የተገኘው በተርባይኑ ሳይሆን በፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር ከመጠን በላይ ሲፈጥን በክንፎቹ ጀርባ ያለው የውኃ ግፊት ይወርዳል፤ ውኃውም ሳይሞቅ ወደ እንፋሎት ተለውጦ አረፋ ይሆናል። አረፋው ኃይል ያባክናል፤ ሲፈርስም ድምፅ ያሰማል፣ ብረቱንም ይቦረቡራል። ይህ ክስተት ካቪቴሽን ይባላል።

ፓርሰንስ ሌላ መርከብ ከመሥራት ይልቅ በ1895 አነስተኛ የሙከራ ገንዳ ሠርተው አረፋው እንዴት እንደሚፈጠር በዓይናቸው ተመለከቱ። ከዚያም ኃይሉን በሦስት ዘንጎችና በዘጠኝ ፕሮፔለሮች አከፋፈሉት። በ1897 በስፒትሄድ በተካሄደው የባሕር ኃይል ትርዒት ላይ ተርቢኒያ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ ተመልካቹን አስደነቀች።

ፓርሰንስ በ1931 ዐረፉ፤ የጀመሩት ምርምር ግን ቀጥሏል። የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በድምፃቸው እንዳይታወቁ ትልልቅና በዝግታ የሚሽከረከሩ ፕሮፔለሮች ይገጠሙላቸዋል፤ ንድፋቸውም በተመሳሳይ ገንዳ ይፈተሻል። በዐባይ ላይ የተተከሉ የኃይል ማመንጫ ተርባይኖችም ከዚሁ አረፋ ጉዳት ሊጠበቁ ይገባል።

የፓርሰንስ ሕይወት ለአገራችን የፈጠራ ባለሙያዎችም ትምህርት ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በሥራ ውል አፈጻጸም የተገኘ ፈጠራ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ስለዚህ በደብረ ወርቅም ሆነ በሌላ አካባቢ የውኃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ አሻሽለው የሠሩ ዜጎች ውል ከመፈረማቸው በፊት የባለቤትነቱን ጉዳይ በጽሑፍ እንዲወስኑ፣ ፈጠራቸውንም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንዲያስመዘግቡ ይመከራል።